ደካማ ቅጥያ ያለበት ቤት ሲገዛ፦ ማፍረስ፣ መጠገን፣ ባለበት መቀበል ወይስ መተው?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ ከሚቀርቡ የግቢ ቤቶች መካከል መጀመሪያ እንደተሠሩ የቆዩትን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዋናው ቤት በፕላን ከተሠራ ከዓመታት በኋላ ለኪራይ፣ ትዳር ለያዘ ልጅ ወይም ከክፍለ ሀገር ለመጣ ዘመድ ተብሎ ከኋላው፣ ከጎኑ ወይም ከላዩ ክፍል ይቀጠልበታል። ይህ ቅጥያ ብዙ ጊዜ ያለ መሐንዲስና ያለ ፈቃድ፣ በእጅ ባለው ገንዘብ ልክ የሚሠራ ስለሆነ፣ ቤቱ ለገበያ ሲወጣ ገዢውን ከባድ ጥያቄ ላይ ይጥለዋል። ሻጩና ደላላው «ሦስት የሚከራይ ሰርቪስ አለው» ብለው በዋጋው ላይ የሚደምሩት ክፍል ለገዢው ሀብት ይሆናል ወይስ ዕዳ?

በገዢው ፊት ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፦ ቤቱን ገዝቶ ቅጥያውን ማፍረስ፣ ገዝቶ መጠገንና ሕጋዊ ማድረግ፣ ዋጋ አስቀንሶ ባለበት መቀበል፣ ወይም ቤቱን ትቶ ቅጥያ የሌለበትን፣ ምናልባትም አነስ ያለውን፣ መፈለግ። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የየትኛውም መንገድ መነሻ ዋጋ መውጣት ያለበት ቅጥያው እንደሌለ ተቆጥሮ ነው። ከአራቱ አንዱን ለመምረጥ ደግሞ የቅጥያው ቀለም፣ ሴራሚክና ኮርኒስ ምንም አይነግሩንም፤ የሚነግሩን ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘበት መንገድና በሰነድ ላይ መኖር አለመኖሩ ናቸው።

የቅጥያው አቀማመጥ

ከዋናው ቤት ተነጥሎ በግቢው ጫፍ የቆመ ሰርቪስ፣ አሠራሩ የቱንም ያህል ደካማ ቢሆን፣ ለገዢ ከሁሉ የቀለለው ነው። ቢሰነጠቅ ብቻውን ይሰነጠቃል፤ ሲፈርስም ዋናውን ቤት አይነካም። በዚህ ዓይነቱ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው በተለይ የኋላ ግድግዳው ነው፤ ብሎኬት ለመቆጠብ ሲባል አጥሩ ራሱ ግድግዳ ተደርጎ የተሠራበት ግቢ ብዙ ነውና። አጥር የራሱን ክብደት ብቻ እንዲሸከም ጥልቀት በሌለው መሠረት ላይ የሚቆም ግንብ ስለሆነ፣ ጣሪያ ሲጫንበትና ከጎረቤት በኩል የዝናብ ውሃ ሲጠራቀምበት ወደ አንዱ ወገን ማዘንበል ይጀምራል። አጥሩ የጋራ ከሆነ ወይም የጣሪያው ውሃ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ክርክሩም አብሮ ከሻጩ ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተሠራው ክፍል ሰፋ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የሁለቱ መሠረቶች ጥልቀት እኩል አይደለም፤ የድሮው ቤት ከዓመታት በፊት ሰጥሞ የረጋ ሲሆን አዲሱ ገና መስጠም የሚጀምር ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ቅጥያው መግቢያ ለመክፈት የዋናው ቤት ግድግዳ ተቆርጦ ከሆነ፣ ከተቆረጠው በላይ ያለውን ክብደት የሚሸከም ሊንተል ገብቶ እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። ሦስተኛው ጣሪያው ነው። የቅጥያው ቆርቆሮ ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ወይም ሁለት ጣሪያዎች ተጋጥመው አሸንዳ የሚጋሩበት ቦታ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የመጀመሪያው የውሃ መግቢያ ነው። በተጨማሪም የመሐከለኛው ክፍል መስኮት በቅጥያው ተዘግቶ ከሆነ ቤቱ ብርሃንና አየር አጥቷል፤ ይህን ጉዳት የትኛውም ቀለም አይሸፍነውም።

ከላይ የተጨመረው ፎቅ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው። ለምድር ቤት ብቻ የታሰበ መሠረትና ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ላይ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ተሞልቶ ሁለተኛ ቤት ሲሠራበት፣ የታችኛው ኮለንና ፉቲንግ (የኮለኑ የመሠረት እግር) ያልተሰላላቸውን ክብደት ይሸከማሉ። ከዚህም የባሰው ሶሌታው በኮለን ላይ ሳይሆን በቀጥታ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ያረፈ እንደሆነ ነው። ሻጩ በጣሪያው ላይ ብቅ ብሎ የሚታየውን ፌሮ እያሳየ «ወደ ላይ መቀጠል ይቻላል» ማለቱ የተለመደ ነው። ለዝናብና ለፀሐይ ተጋልጦ ለዓመታት የዛገ ፌሮ ግን ለመቀጠሉ ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ ከታች ያለውን ፉቲንግ ስፋትና የፌሮውን ብዛት የሚያሳይ የስትራክቸር ፕላን ሲቀርብ ብቻ ንግግሩ ክብደት ይኖረዋል።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከሰተው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ ጉዳዩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ አጠገብ ያለች ናት። ከበላዩ ያላግባብ ክብደት የተጫነበትና ኮለኖቹ ከላይ እስከ ታች ያልተያያዙ ቤት ደግሞ ለወትሮው ክብደት ቢቆም እንኳ ለጎን ግፊት አቅም የለውም።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታም አለ። በነባር ሰፈሮች ዋናው ቤት የእንጨትና የጭቃ ሆኖ ቅጥያው የብሎኬት የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለው ግቢ ውስጥ «ደካማው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይገለበጣል፤ የብሎኬቱ ክፍል በራሱ መሠረት ላይ ከቆመ ገዢው ሊያስብበት የሚገባው ስለ ዋናው ቤት ዕድሜ ነው። ነገር ግን የብሎኬቱ ቅጥያ ጣሪያ አንድ ጫፉ በጭቃው ግድግዳ ላይ ያረፈ ከሆነ ሁለቱም አብረው እንደሚወድቁ መታሰብ አለበት።

መሬቱና ስንጥቁ

ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ ለቡና አቃቂ ቃሊቲን በመሳሰሉ አካባቢዎች ሰፊ ቦታ የያዘው ጥቁር አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። ሙያውን የሚያውቅ ገንቢ ይህን አፈር ጠርጎ ያወጣል፤ ወይም የክረምቱ እርጥበትና የበጋው ድርቀት የሚፈራረቁበትን የላይኛውን ክፍል አልፎ መሠረቱን ወደ ታች ያወርዳል፤ ከዚያም በተመረጠ አፈር ሞልቶ ይጠቀጥቃል። በቅጥያ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆፈረው ግንበኛው «ይበቃል» እስካለበት ድረስ ነው። ከዋናው ቤት ሥር ያለው አፈር ለዓመታት ተሸፍኖ እርጥበቱ ስለረጋ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ከቅጥያው ሥር ያለው ግን እስከ ትናንት ድረስ ክፍት ግቢ የነበረ አፈር ነው። ስለዚህ አንዱ ቆሞ ሌላው ከፍ ዝቅ ሲል ሁለቱ የተጣበቁበት መስመር ይከፈታል። በሰሜኑ የከተማዋ ክፍል፣ በእንጦጦ ግርጌና በጉለሌ ዳገቶች፣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል፤ እዚያ መታየት ያለበት ቅጥያው የቆመበት ሙሊት አፈርና አፈሩን የያዘው የድጋፍ ግንብ ነው። የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ገፍቶ ከታየ ወይም የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለው በላዩ ላይ የቆመው ክፍል አስተማማኝ አይደለም።

ስንጥቅ ሁሉ እኩል አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነና መረብ መስሎ በግድግዳው ላይ የተበተነ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የልስኑ ነው፤ ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ ወይም ሲሚንቶ ስለበዛበት የመጣ ነው። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ታች የሚወርድ፣ የብሎኬቶቹን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ብዙውን ጊዜ ከመሠረት የመጣ ነው። ቅጥያው ከዋናው ቤት ጋር በሚገናኝበት ቋሚ መስመር ላይ ያለውን ክፍተት ከታችና ከላይ ማወዳደር ብዙ ይናገራል። ከታች ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ፣ የቅጥያው ውጫዊ ጫፍ እየሰጠመ ክፍሉ በሙሉ ከቤቱ እየሸሸ ወደ ውጭ እያጋደለ ነው ማለት ነው። ቱንቢ ከጣሪያው ሥር አውርዶ ግድግዳው ምን ያህል እንደወጣ መለካት ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋግጣል።

ስንጥቁ የቆመ ይሁን በመንቀሳቀስ ላይ ያለ ለማወቅ የቆየና ርካሽ ዘዴ አለ። በስንጥቁ ላይ፣ ልስኑ ተፍቆ ብሎኬቱ በሚታይበት ቦታ፣ አነስ ያለች የጂፕሰም ልጥፍ ከወዲያና ከወዲህ ይዛ ትለጠፍና ቀኑ ይጻፍባታል። ጂፕሰም ስለማይለጠጥ ግድግዳው ጥቂት እንኳ ቢንቀሳቀስ ልጥፏ ለሁለት ትከፈላለች። ሻጩ ይህን እንዲፈቅድ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት መታገሥ ባይቻል እንኳ ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑ ራሱ መረጃ ነው። ለሽያጭ ሲባል በቅርቡ የተለሰነና የተቀባ ግድግዳ፣ በተለይ ቤቱ በሙሉ ሳይቀባ ያ ግድግዳ ብቻ ተቀብቶ ከተገኘ፣ ከተሰነጠቀው ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል።

ቤት ለማየት የሚመረጠው ጊዜ ክረምት ነው። ኅዳር ላይ ደርቆና ተቀብቶ የሚያምር ቅጥያ ነሐሴ ላይ ከወለሉ እርጥበት እየሳበ፣ ኮርኒሱ እየነጠበ ሊገኝ ይችላል። በበጋ የሚገዛ ሰው ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡናማ የውሃ ምልክት፣ በግድግዳው ግርጌ ልስኑ ዱቄት ሆኖ የሚረግፍበትን ቦታና ከአልጋና ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለውን ሻጋታ በጥንቃቄ ይመልከት። ዕቃ ተደርድሮ ግድግዳው የማይታይ ከሆነ ዕቃው ፈቀቅ እንዲልለት ይጠይቅ።

ከዓይን የተሰወሩ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው የመጸዳጃ ጉድጓዱ ነው። በጠባብ ግቢ ውስጥ ለቅጥያ የተረፈው ቦታ ብዙ ጊዜ የሴፕቲክ ታንኩ ያለበት ቦታ ነው፤ በመሆኑም ጉድጓዱ ከክፍሉ ወለል ሥር ይቀራል። ሽፋኑ በሊሾ ወይም በሴራሚክ ከተሸፈነ መምጠጫ መኪና መጥቶ ቱቦ የሚያስገባበት ቦታ አይኖርም፤ ጋዙ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ከሁሉም በላይ የጉድጓዱ ክዳን ለክፍል ክብደት የተሠራ አይደለም። ሻጩ የጉድጓዱን መክፈቻ በእጁ እንዲያሳይ፣ መጨረሻ የተመጠጠውም መቼ እንደሆነ እንዲናገር መጠየቅ የግድ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ቅጥያው ማዕድ ቤት ከሆነ ምጣድ አለ፤ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፒር ገደማ ማለት ነው። በደንቡ ምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። በቅጥያ ቤቶች ውስጥ ግን ለተራ ሶኬት ከተዘረጋ ቀጭን ገመድ ተቀጥሎ፣ መጋጠሚያውም በፕላስተር ተጠቅልሎ በኮርኒስ ውስጥ የተደበቀ መስመር ማግኘት የተለመደ ነው። ምጣዱ ለሃያ ደቂቃ ከበራ በኋላ ሶኬቱና የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ቢሞቁ ወይም አምፖሎቹ ብርሃናቸው ቢቀንስ መስመሩ በሙሉ መቀየር እንዳለበት ይታወቃል። ደግነቱ ይህ ጉድለት በገንዘብ የሚፈታ ነው፤ ቤቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ከዋጋው ግን ይቀነሳል።

ሰነዱ ምን ይላል?

ቅጥያው በአካል ጠንካራ ሆኖ በሰነድ ላይ ከሌለ፣ ገዢው የገዛው የራሱ ያልሆነ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ሦስት ሰነዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው መታየት አለባቸው፦ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው፣ የጸደቀው የቤቱ ፕላንና የግንባታ ፈቃዱ። በካርታው ላይ ያለው የቦታ ስፋትና የወሰን ልክ በሜትር መሬት ላይ ተለክቶ ይነጻጸራል። ቅጥያው ያረፈው ከካርታው ውጭ ባለ ትርፍ ቦታ ላይ ወይም በመንገድ ክልል ውስጥ ከሆነ የመጠገንም ሆነ ሕጋዊ የማድረግ ጉዳይ እዚያው ያበቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን ማስፋፋትን፣ መለወጥንና ማፍረስንም በፈቃድ ሥር አድርጓል። ስለዚህ «ዋናው ቤት ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ ለቅጥያው አይሠራም። «በአየር ካርታ ላይ ይታያል» የሚለውም ቢሆን ስለ ይዞታው ጥቂት ይናገር እንደሆነ እንጂ ስለ ግንባታው ጥራትም ሆነ ፈቃድ የሚናገረው የለም።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያሳሰበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ እየተካሄደ ያለው የኮሪደር ልማት መንገድ ዳር ያሉ ብዙ ይዞታዎችን ነክቷል። ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሳ በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚጠየቀው በሕጋዊ መንገድ ለሠፈረ ንብረት ነው። ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ይህን መብት ይዞ አይመጣም። ቤቱ ከዋና መንገድ አቅራቢያ ከሆነ በመሪ ፕላኑ ላይ የመንገዱ ስፋት የት ድረስ እንደሚደርስ በክፍለ ከተማው ሳይጠየቅ ቀብድ መስጠት አይገባም።

አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ማፍረስ ብዙ ገዢዎችን የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ ቅጥያው የተነጠለ ወይም በቀላሉ የሚለያይ ከሆነ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጪው የሚታወቅና የሚገመት ነው፦ የጉልበት ዋጋ፣ ፍርስራሹን የሚያነሣ ገልባጭ መኪና፣ የተቆረጠውን ግድግዳ መልሶ መድፈን፣ አሸንዳና ልስን ማስተካከል። ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ ፌሮውም ጭምር ተሸጠው የወጪውን ከፊል ይመልሳሉ። በምላሹ ዋናው ቤት መስኮቱን፣ ግቢው የመኪና ቦታውንና የውሃ መውረጃውን መልሶ ያገኛል። በመንገዱ ላይ ያሉት እንቅፋቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የማፍረስ ፈቃዱ ሲሆን ሁለተኛው ተከራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝዝ፣ በቅጥያው ውስጥ ተከራይ ካለ ውሉን ማየትና ማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደሚያስለቅቅ ከሻጩ ጋር አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከዚሁ መንገድ የሚወጣ ሌላ አማራጭ አለ፤ ሻጩ ራሱ አፍርሶና ግድግዳውን አስተካክሎ እንዲያስረክብ መስማማት። ለገዢው ድካም ይቀንስለታል፤ ነገር ግን ሻጩ ለማይኖርበት ቤት የሚያደርገው ጥገና ጥራቱ አጠራጣሪ ስለሚሆን፣ ማፍረሱ ለሻጩ፣ መልሶ መጠገኑ ደግሞ ከዋጋው ተቀንሶ ለገዢው ቢተው ይሻላል።

መጠገን የሚያዋጣው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፦ መሠረቱ ጥልቀት ካለው፣ ቅጥያው በካርታው ወሰን ውስጥ ከሆነ፣ የክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍልም በተሠራው ላይ ተነሥቶ ፕላን ለማጽደቅ በር ካልዘጋ። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የቧንቧ ሥራ፣ ልስንና ወለል ሁሉ ይጠገናሉ። ከዋናው ቤት ጋር ያለውን መጋጠሚያም ለይቶ፣ ሁለቱ ሳይጎትቱ በየራሳቸው እንዲንቀሳቀሱ በሚለጠጥ ነገር መሙላት ይቻላል። በሲሚንቶ ደፍኖ ማጣበቅ ግን ስንጥቁን በሚቀጥለው ክረምት መልሶ ይጠራዋል። መሠረቱ ራሱ ደካማ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ከሥር ማጠናከር የሚቻለው ግድግዳው ሥር አጫጭር ጉድጓዶችን እያፈራረቁ በመቆፈርና አንዱ ጠንክሮ ሳይይዝ ሌላውን ባለመንካት ነው። ሥራው ቀርፋፋ፣ ልምድ የሚጠይቅና ብዙ ጊዜ አዲስ ክፍል ከመሥራት የማይረክስ ነው። ኮለን የሚመስለው ነገር ሲፈተሽ ፌሮው ከሁለት የማይበልጥ ወይም ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስር ቀለበት) የሌለው ሆኖ ከተገኘ መጠገን የሚለውን ቃል መተው ይገባል።

ባለበት መቀበል ከአራቱ መንገዶች ደላላ አብዝቶ የሚያሞግሰው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምፈራው ነው። የተነጠለ ሰርቪስ ሆኖ ለዕቃ ማስቀመጫ ብቻ የሚያገለግል ከሆነና ገዢው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ለማፍረስ ካሰበ አይከፋም። ሰው የሚያድርበት ከሆነ ግን ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አደጋው ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ስሙ ከዞረበት ቀን ጀምሮ ያ ባለቤት ገዢው ነው። ዘንበል ባለ አጥር ላይ በተደገፈ ክፍል ውስጥ ከነልጆቿ የምትኖር ተከራይ የምትከፍለው ኪራይ፣ ያ አጥር አንድ ሌሊት ቢናድ የሚደርሰውን አይመልስም። ክፍሉን የሚገዛ ሰው ይህንንም አብሮ እንደሚገዛ ሊያውቅ ይገባል።

መተው መሸነፍ አይደለም። ያለ ስትራክቸር ፕላን ከላይ የተጨመረ ፎቅ፣ ከካርታ ውጭ ያለ ቅጥያ፣ በቅጥያው ምክንያት ዋናው ቤት ጭምር የተሰነጠቀበት ሁኔታ፣ ወይም ሻጩ መሐንዲስ እንዳይገባ የሚከለክልበት ግቢ ሲያጋጥም ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል። በተመሳሳይ ዋጋ ባለ ሁለት መኝታ ሆኖ በፕላኑ የቆመ ቤት፣ ባለ አምስት መኝታ ሆኖ ሦስቱ ከሚያሠጉ ቤት ይበልጣል፤ ፕላኑ ያለው ቤት ነገ በፈቃድና በመሐንዲስ ሊሰፋ ይችላልና። ኮንዶሚኒየም የሚያማርጥ ሰውም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። በምድር ቤት ወደ ውጭ የተገፋ ግድግዳና የታጠረ የጋራ ቦታ የግል ሆኖ አይሸጥም፤ እንዲህ ያለውን ትርፍ ካሬ በዋጋው ውስጥ አለመቁጠር ነው።

ዋጋውን ማውጣት

ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ሻጩ 14 ሚሊዮን ብር ይላል እንበል። በዚያው ሰፈር፣ በተመሳሳይ የካርታ ስፋት፣ ቅጥያ የሌለበት ቤት በ12 ሚሊዮን የሚሸጥ ከሆነ መነሻው 12 ሚሊዮን ነው። ለማፍረስ፣ ፍርስራሽ ለማንሣትና ዋናውን ቤት ለመጠገን 400 ሺህ ብር ከተገመተ የድርድሩ መሐል 11 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ይሆናል። ሻጩ «ሰርቪሱ ብቻ ሁለት ሚሊዮን ፈጅቶብኛል» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። የፈጀው ገንዘብ ግን ለገዢው የሚሰጠው ጥቅም ልክ አይደለም። በብድር የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ የባንክ ገማቾች በአብዛኛው የሚመዝኑት በሰነድ ያለውን ግንባታ በመሆኑ ለቅጥያው የተጠየቀው ገንዘብ በሙሉ ከገዢው ኪስ መውጣቱ አይቀርም።

የመሐንዲስ ክፍያ በዚህ ስሌት ውስጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መሐንዲሱ ግን ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው ሊሆን አይገባም። አንድ የመሠረት ማዕዘን እስከ ታች ተቆፍሮ እንዲታይ፣ ኮለኖቹ በሽሚት መዶሻ እንዲፈተሹና አንድ ቦታ ልስኑ ተፍቆ ፌሮው እንዲቆጠር ከሻጩ ፈቃድ ይጠየቅ። የመዶሻው ሙከራ የአርማታውን የላይኛ ገጽ ጥንካሬ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ፌሮው ካልታየ ብቻውን አይበቃም።

በውጭ አገር ሆነው በውክልና የሚገዙ ወገኖቻችን በተለይ ለዚህ ችግር የተጋለጡ ናቸው። በስልክ ቪዲዮ የሚታየው ሳሎኑና የፊት በሩ ነውና። ተወካዩ ቅጥያው ከዋናው ቤት የሚገናኝበትን መስመር ከወለል እስከ ጣሪያ፣ የኋላውን አጥር ከሁለቱም ወገን፣ ጣሪያውን ከላይ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱን መክፈቻና የቆጣሪውን ሣጥን ሳያቋርጥ ቀርጾ እንዲልክ ይታዘዝ። ውክልናው ላይም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የመሐንዲስ ሪፖርት ለወካዩ እንዲደርስ የሚል ግዴታ ቢገባበት መልካም ነው።

ቀብድና ውል

ምርመራው ሁሉ ከቀብድ በፊት ይጠናቀቅ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከተሰጠ በኋላ የተገኘ ስንጥቅ ገዢውን በደካማ ጎኑ ያስይዘዋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት የሚመዘገብ ስለሆነ፣ ስለ ቅጥያው የተባለው ሁሉ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ መግባት አለበት፦ የትኛው ክፍል በፈቃድ እንደተሠራ፣ የትኛው እንዳልተሠራ፣ ከሽያጩ በፊት ለተጣለ ቅጣት ወይም ለተሰጠ የማፍረስ ማስጠንቀቂያ ኃላፊነቱ የሻጩ መሆኑ፣ ተከራዩ የሚለቅበት ቀን። በግልጽ የሚታይ ጉድለት ላይ በኋላ ገዢው ቅሬታ ማቅረብ ስለሚቸግረው «ቤቱን አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለው የተለመደች ሐረግ በውሉ ውስጥ ባለችበት እንዳትታለፍ፤ ከሥሯ በመሐንዲስ ሪፖርት የተዘረዘሩት ጉድለቶች ይጠቀሱ። የአሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) እና የግብር ወጪ ለመቀነስ ተብሎ በውሉ ላይ ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍም፣ ሕገወጥ ከመሆኑ ሌላ፣ ሽያጩ ቢፈርስ ገዢው የሚያስመልሰውን ገንዘብ በዚያው ልክ ያሳንሳል።

ሽያጩ በበጋ የሚፈጸም ከሆነና ገዢው ቅጥያውን ለመጠገን ከመረጠ፣ ከዋጋው ጥቂቱ ተከፍሎ ሳያልቅ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲቆይ ማስማማት ይሞከር። ብዙ ሻጭ አይቀበለውም። የማይቀበል ሻጭ ሲያጋጥም ያው መጠን አሁኑኑ ከዋጋው እንዲቀነስ ይጠየቃል፤ ሁለቱንም እምቢ ካለ ደግሞ ከአራቱ መንገዶች ሊታሰብባቸው የሚገባው ማፍረሱና መተዉ ብቻ ናቸው።